ስሟን ያጋለጠው ስክሪኑ ነው፦ አንዲት ዝነኛ ድምፃዊት በቦውሊንግ ቤት ያሳለፈችው ምሽት

## ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ቅንጡ በሚባል ቦውሊንግ ቤት ታዋቂ ሰው ሲታይ ወሬውን የሚያወጡት ዓይነ ፈጣን ደንበኞች ናቸው ተብሎ ይታሰባል። እዚህ የተመዘገበው ጉዳይ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። አንዲት ስመ ጥር ድምፃዊት ከቤተሰቧ ጋር ልትጫወት ገብታ ለ25 ደቂቃ ያህል ከደንበኞቹ ማንም ልብ አላላትም። ያጋለጣት የቤቱ የራሱ አሠራር ነው፦ የውጤት ስክሪኑ፣ የሌን (ኳስ የሚወረወርበት መስመር) አመዳደቡ፣ የጫማ ባንኮኒው፣ በመጨረሻም እሷን ለመጠበቅ ተብሎ የተነገረው ማስታወቂያ። ምሽቱ ሲያልቅ የሌላ ሌን ተጫዋች የእጅ አንጓዋ ወለም ብሏት፣ አራት ሌን ቆሞ፣ የልደት ድግሱም ሳይጠናቀቅ ተበትኖ ነበር።

የድምፃዊቷ፣ የቤቱና የሠራተኞቹ ማንነት አልተገለጸም። ሰዓቶቹና ቁጥሮቹ ከፈረቃ መዝገቡ፣ ከውጤት ሲስተሙና በማግስቱ ከተደረገው የሠራተኞች ስብሰባ የተወሰዱ ናቸው።

## ቦውሊንግ ቤት ከምግብ ቤት በምን ይለያል

ምግብ ቤት የገባ ዝነኛ ጥግ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መቀመጥ ይችላል። ቦውሊንግ ግን ተራ አለው። አንድ ጨዋታ 10 ፍሬም (ዙር) ነው፤ ተጫዋቹ በእያንዳንዱ ፍሬም ከመቀመጫው ተነስቶ ብቻውን ወደ መንደርደሪያው ይወጣል፣ በአንድ ጨዋታ እስከ 21 ኳስ ሊወረውር ይችላል። መንደርደሪያው 4.57 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ገላጣ ወለል ነው። ከፋውል መስመሩ (ተጫዋቹ ከማያልፈው መስመር) እስከ መጀመሪያው ፒን (በኳስ ከሚመታው ቋሚ ዕቃ) ደግሞ 18.29 ሜትር አለ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚያየው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ፒኖቹ ነው፤ ከፒኖቹ በላይ የተጫዋቹ ስም በትልቁ ተጽፏል። ሁለት ጨዋታ የተጫወተ ሰው 20 ጊዜ መድረክ ላይ ወጥቶ ወርዷል ማለት ነው። ሲወረውር ጀርባው እንጂ ፊቱ አይታይም። ፊቱ የሚታየው ሲመለስ፣ እየሳቀ ወይም እየተናደደ፣ ማለትም ራሱን በማይጠብቅበት ሰዓት ነው።

ቤቶቹ ራሳቸው ለመታየት የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1938 ኒውዮርክ ውስጥ የተከፈተው ቦውልሞር ሌንስ በ1997 አዲስ ባለቤት ከያዘው በኋላ ደብዘዝ ያለ ብርሃን፣ ሙዚቃ፣ ምግብና መጠጥ ያለበት የምሽት መዝናኛ ሆነ። በ2003 ደግሞ ለኪ ስትራይክ የተባለው ቦውሊንግ ቤት ሆሊውድ ላይ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ሶፋና ባንኮኒ ያለው ቦውሊንግ ቤት ታዋቂ ሰዎች የሚገኙበት ቦታ መሆኑ የተለመደ ነገር ሆነ።

ዝነኛ ሰው ቦውሊንግ ቤት የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው፤ የሁለቱን ልዩነት አለማወቅ ለዚህ ጉዳይ መነሻ ሆኗል። አንደኛው ለመታየት መምጣት ነው። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ክሪስ ፖል ከባለሙያ ቦውለሮች ጋር ሲያዘጋጀው የነበረው የዝነኞች ውድድር ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚሰበሰብበት ስለነበር ካሜራ ይፈለግ ነበር። የቤዝቦል ተጫዋቹ ሙኪ ቤትስ በ2017 በባለሙያዎች ውድድር ላይ 12 ስትራይክ (ፒኖቹን ሁሉ በአንድ ኳስ መጣል) በተከታታይ መትቶ የመጨረሻውን ከፍተኛ ውጤት 300 ሲያስመዘግብም ያየው ሁሉ ቢያወራለት ደስ የሚለው እንጂ የሚከፋው አልነበረም። ሁለተኛው እንደማንኛውም ሰው ለመጫወት መምጣት ነው። የዚህ ጉዳይ ቤት ከአንድ ዓመት በፊት የበጎ አድራጎት ውድድር አስተናግዶ ነበር። ያኔ ሠራተኞቹ ከተጋባዦቹ ጋር ፎቶ ሲነሱ፣ ሥራ አስኪያጁም ፎቶዎቹን በቤቱ ገጽ ላይ ሲለጥፉ የተቃወመ አልነበረም። ስለዚህ "ዝነኛ ከመጣ ፎቶ ይነሳል" የሚለው ልማድ ከዚያ ውድድር ጀምሮ ሥር ሰዶ ነበር።

## የቤቱ አቀማመጥ

ቤቱ 24 ሌን አለው። 20ው በዋናው አዳራሽ፣ 4ቱ በመስታወት በር በተለየ ልዩ ክፍል ውስጥ ናቸው። በሁሉም ቦታ እንደሚደረገው ሌኖቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፦ 1 ከ2፣ 3 ከ4፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ኳስ መመለሻና አንድ የኳስ መደርደሪያ ይጋራል። ቦውሊንግ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የሌን ምደባ የሚሠራው አዲስ ሠራተኛ ግን ሳያስበው ሊያልፈው ይችላል።

የውጤት ሲስተሙ ስሞችን በሦስት ቦታ ያሳያል፦ ከሌኑ በላይ ባለው ስክሪን፣ በእንግዳ መቀበያው ኮምፒዩተር፣ እንዲሁም መግቢያው ላይ በተሰቀለው "የዛሬ ከፍተኛ ውጤቶች" ስክሪን። ተጫዋቾች መቀመጫቸው አጠገብ ካለው ሰሌዳ ሆነው ስማቸውን ራሳቸው መለወጥ ይችላሉ።

## የምሽቱ አካሄድ

ቦታው የተያዘው በድምፃዊቷ ረዳት ስም ነው። ረዳቷ የጠየቀችው ልዩ ክፍሉን ነበር፤ በዚያ ቀን ግን አንድ መሥሪያ ቤት ቀድሞ ይዞታል። ስለዚህ በዋናው አዳራሽ "ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ሌኖች" ተሰጣቸው። ቡድኑ ዘጠኝ ሰው ነው፦ አምስት አዋቂና አራት ልጆች። ምክንያቱ የወንድሟ ልጅ 9ኛ ዓመት ልደት ነው። የመጣው አጃቢ አንድ ብቻ ነበር።

የተሰጧቸው ሌኖች 12 እና 13 ናቸው። ጎን ለጎን መሆናቸው እውነት ነው፤ ጥንድ ግን አይደሉም። 12 ከ11 ጋር፣ 13 ከ14 ጋር ነው ኳስ መመለሻ የሚጋራው። በ11 ላይ የነበረው ቡድን ሰዓቱ ስላላለቀ መዳቢው ክፍት ያገኛቸውን ሁለቱን ቁጥሮች ሰጠ። በዚህም ምክንያት በግራም በቀኝም የማያውቋቸው ሰዎች ኳሳቸውን ለማንሳት በየሁለት ደቂቃው አጠገቧ መቆም ነበረባቸው። ያ የራሳቸው መብት ነው፤ ማንም ዞር በሉ ሊላቸው አይችልም።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ገቡ። ዘጠኝ ጥንድ የመጫወቻ ጫማ ከባንኮኒው ሲወስዱ የባንኮኒው ሠራተኛ አወቃት። ምንም አላላትም፣ በጨዋነት አስተናገዳት። ከሄደች በኋላ ግን ያስረከበችውን የራሷን ጫማ ሳጥን ፎቶ አንስቶ ለአምስት ጓደኞቹ ላከ። ይህ የታወቀው በማግስቱ ነው።

1 ሰዓት ከ55 ላይ ባለ ልደቱ ልጅ ከሰሌዳው "አክስት" የሚለውን አጥፍቶ በምትኩ ሁሉም የሚያውቀውን የመድረክ ስሟን ጻፈ። የልጅ ነገር ነው፤ ኮርቶባት ነው። በ14 ላይ የነበሩ ወጣቶች ፎቶ ያነሱት እሷን ሳይሆን ስክሪኑን ነው። ፎቶው ላይ ስሟ፣ የሌኑ ቁጥርና የቤቱ ዓርማ አብረው ወጡ። የፊቷ ፎቶ ቢሆን ኖሮ የት እንዳለች ገና መጠየቅ ያስፈልግ ነበር፤ ይህኛው አድራሻ ጭምር የያዘ ነበር።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ መጫወት የማይፈልጉ ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች ገቡ። በሩ ላይ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፣ ምክንያቱም ቤቱ ምግብና መጠጥ ለሚፈልግም ክፍት ነው።

2 ሰዓት ከ25 ላይ የፈረቃ ኃላፊው በድምፅ ማጉያ "ውድ ደንበኞቻችን፣ የእንግዶቻችንን ፎቶ ከማንሳት እንድትቆጠቡ በአክብሮት እንጠይቃለን" አለ። ቅን ሐሳብ ነበር። ነገር ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምንም ያልሰማው ግማሽ አዳራሽ ብድግ ብሎ "ማን ነው የመጣው?" ማለት ጀመረ።

ከዚያ ነገሩ ከእጅ ወጣ። ሰዎች በውጭ ጫማ መንደርደሪያው ላይ ወጡ። አንዱ ፊቷን ከፊት ለፊት ለማንሳት ፋውል መስመሩን አልፎ ሌኑ ላይ ቆመና ተመለሰ። ሌላው መጠጡን በ11 እና በ12 መካከል ደፋ። 2 ሰዓት ከ35 ላይ በ11 ላይ የምትጫወት ደንበኛ ስትንደረደር ወደቀች።

## የወደቀችው ለምንድን ነው

ቦውሊንግ ቤት ሰው ሲሰበሰብ ዋናው አደጋ ግፊያው ሳይሆን ወለሉ ስለሆነ ይህ ክፍል ሰፋ ተደርጎ ተጽፏል።

የቦውሊንግ ጫማ ሶል የተሠራው ደረቅ መንደርደሪያ ላይ እንዲንሸራተት ነው። ተጫዋቹ የመጨረሻውን እርምጃ እየተንሸራተተ ነው የሚጨርሰው። ሶሉ ጠብታ ውኃ ወይም ለስላሳ መጠጥ ከነካው መንሸራተቱ ይቀርና ይይዛል። እግሩ ሲያዝ ሰውነቱ አይቆምም፤ 5 ወይም 6 ኪሎ ኳስ በእጁ ይዞ ወደፊት ይደፋል። በዚያ ምሽት የሆነው ይኸው ነው።

ሁለተኛው አደጋ ተቃራኒው ነው። ከፋውል መስመሩ ወዲያ ያለው ሌን ዘይት ተቀብቷል። ዘይቱ በተለመደው የቤት አቀባብ ከሌኑ ርዝመት ወደ 12 ሜትር የሚደርሰውን ይሸፍናል፤ ዓላማው ኳሱ መጀመሪያ እንዲንሸራተት፣ ከዚያ ደረቁ ላይ እንዲይዝና እንዲታጠፍ ነው። ዘይቱ ላይ የቆመ ሰው በጫማው ይዞት ይመለስና መንደርደሪያውን ይቀባዋል። ያኔ ደግሞ ቀጣዩ ተጫዋች ካሰበው በላይ ይንሸራተታል። በአንድ መንደርደሪያ ላይ የሚይዝ ቦታና የሚያንሸራትት ቦታ ካለ ማንም ተጫዋች ሊገምተው አይችልም። በዓይን ደግሞ ሁለቱም አይታዩም፣ በተለይ ብርሃኑ ደብዛዛ ሲሆን።

የቤቱ ቴክኒሻን ይህን ስላወቀ ከ11 እስከ 14 ያሉትን አራቱን ሌኖች ወዲያው አቆመ። በምሽቱ ከተወሰኑት ውሳኔዎች ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነው።

## አወጣጡ

አጃቢው በመጀመሪያ የጠየቀው በፒን ደርዳሪ ማሽኖቹ ጀርባ እንዲያልፉ ነው፤ እዚያ የኋላ በር አለ። ቴክኒሻኑ እምቢ አለ። ማሽኖቹ ቀበቶና የሚሽከረከር ክፍል አላቸው፣ ድምፁ ያደነቁራል፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ አራት ልጆች ይዞ በዚያ ማለፍ ከሕዝቡ የባሰ አደጋ ነው። የኋላ በር ማለት ለእንግዳ የሚሆን መውጫ ማለት አይደለም።

በወጥ ቤቱ በኩል ያለው የዕቃ ማስገቢያ በር ተመረጠ። መኪናው ግን በዋናው በር ፊት ቆሞ ነበር። ዞሮ እስኪመጣ 12 ደቂቃ ፈጀ። በዚህ ጊዜ ዘጠኙም ሰዎች በሠራተኞች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ቆመው ጠበቁ። የልደት ኬኩ ሳይቆረስ ቀረ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የወደቀችው ደንበኛ አጠገብ የነበሩት ጓደኞቿ ብቻ ናቸው። በረዶ የቀረበላት ከ10 ደቂቃ በኋላ ነው። የ11ኛው ሌን ቡድን ከከፈለበት ጊዜ 35 ደቂቃ ተቆርጦበት ሳለ ይቅርታ የጠየቀው ሰው አልነበረም። በሚቀጥሉት ቀናት ቤቱ ላይ ከተጻፉት ቅሬታዎች ሁሉ ከባዱና ፍትሐዊው የእነሱ ነበር።

## የማግስቱ ስህተት

በማግስቱ ጠዋት የቤቱ የማኅበራዊ ሚዲያ ሠራተኛ ድምፃዊቷ ስትወረውር የሚያሳይ ፎቶ "ምርጫዋ እኛ ነን" ከሚል ጽሑፍ ጋር ለጠፈ። ከጀርባ የልጁ ፊት ይታያል። ወኪሎቿ ጠይቀው ፎቶው ከሦስት ሰዓት በኋላ ወረደ፤ ቅጂው ግን ተሰራጭቷል።

ሠራተኛው ያቀረበው መከራከሪያ "ሕዝብ ባለበት ቦታ ነው የታየችው" የሚል ነበር። ይህ ሁለት ነገር ያምታታል። ሰው አይቶ ማውራቱ አንድ ነገር ነው። ንግድ ቤት የሰውን ስምና መልክ ለራሱ ማስተዋወቂያ መጠቀሙ ሌላ ነው። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3344፣ በኒውዮርክ የሲቪል መብቶች ሕግ ቁጥር 50 እና 51 ያለ ፈቃድ የሰውን ስም ወይም ምስል ለማስታወቂያ መጠቀምን ይከለክላሉ። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው የመረጃ ጥበቃ ደንብ ማንነትን የሚያሳይ ፎቶም ሆነ የደኅንነት ካሜራ ቅጂ የግል መረጃ ነው። ሕግ ባይኖርም እንኳ የዘጠኝ ዓመት ልጅን ፊት ለንግድ ማውጣት ተገቢ አይደለም፤ እዚህ ላይ ሥራ አስኪያጁና ሠራተኛው ያለ ክርክር ተስማምተዋል።

ከዓመት በፊት ከተደረገው የበጎ አድራጎት ውድድር የቀረውን ልማድ እዚህ ላይ ማየት ይቻላል። ያኔ ተጋባዦቹ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ሰጥተው ነበር። ሠራተኞቹ ያስታወሱት ፎቶውን እንጂ ወረቀቱን አልነበረም።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ቤቱ አሠራሩን ቀየረ። የተጀመረው ከስክሪኑ ነው። እንደዚህ ላለ ቡድን ስም የሚገባው ከመቀበያው ብቻ ነው፤ ከመቀመጫው ሰሌዳ ስም መለወጥ ተቆልፏል። አዋቂዎች በቁጥር፣ ልጆች በመረጡት የእንስሳ ስም ይገባሉ። ሌኑ ከመግቢያው የውጤት ስክሪን ላይ እንዳይታይ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ምንም ወጪ የለውም፣ ከሦስት ደቂቃ በላይም አይወስድም።

ቀጥሎ የሌን ምደባ። ምደባው ሁልጊዜ በሙሉ ጥንድ ነው፤ በጎዶሎ ቁጥር ተጀምሮ በሙሉ ቁጥር ያልቃል። ልዩ ክፍሉ ካልተገኘ የሚሰጠው ግድግዳ ጥግ ያለው 19 እና 20 ነው፣ ምክንያቱም ጎረቤት ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው። 17 እና 18 መጋረጃ ይሆናሉ። መጀመሪያ እነዚህን ባዶ ለመተው ታስቦ ነበር፤ ሞልቶ ባለ አዳራሽ ባዶ ጥንድ ግን "እዚያ ማን አለ?" ያሰኛል፣ ገቢም ያሳጣል። የተሻለው መፍትሔ ለሊግ ተጫዋቾች (በመደበኛ ውድድር ለሚሳተፉ) መስጠት ሆነ። ለአማካይ ውጤቱ የሚጨነቅ ሰው ዓይኑ ፒን ላይ ነው፤ የጎረቤቱን መንደርደሪያ አይረግጥም፣ ጎረቤቱ ሲወረውርም ቆሞ ይጠብቃል። ከማንኛውም አጥር ይሻላሉ።

ጫማና ኳስ ወደ እንግዳው ይመጣሉ እንጂ እንግዳው ወደ እነሱ አይሄድም። የጫማ ቁጥር ከረዳቱ አስቀድሞ ይጠየቃል። ኳስም እንዲሁ፦ ለትንንሽ ልጆች 6 እና 8 ቁጥር (2.7 እና 3.6 ኪሎ)፣ ለአዋቂዎች ከ10 እስከ 14 ቁጥር፣ በድምሩ ስምንት ኳስ በመደርደሪያው ላይ ይጠብቃል። ሰው ኳስ ፍለጋ በአዳራሹ ሲዞር ጣቱን እያስገባ ለብዙ ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ አብዛኛው "አንቺ ነሽ እንዴ?" የሚባለውም እዚያ ነው።

የዝነኛ እንግዳ መምጣትን የሚያውቁት አምስት ሰዎች ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ፦ የፈረቃ ኃላፊው፣ አንድ አስተናጋጅ፣ ቴክኒሻኑ፣ የመቀበያው ሠራተኛና የበሩ ሠራተኛ። ስልካቸው በቁም ሣጥን ይቀመጣል። የጫማ ባንኮኒው ሠራተኛ አልተባረረም። ሲጠየቅ ወዲያው አምኗል፣ ከዚያ በፊትም እንዲህ ያለ ነገር እንደማይፈቀድ የነገረው አልነበረም።

የመኪናው ነገር በስሌት ተፈታ። አንድ ሰው አንድ ጨዋታ ለመጨረስ 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አምስት ሰው ባለበት ሌን አንድ ጨዋታ 50 ደቂቃ፣ አንድ ፍሬም 5 ደቂቃ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ጨዋታ 8ኛ ፍሬም ሲጀመር 15 ደቂቃ ቀርቷል፤ መኪናውን ለመጥራት ይበቃል። አስተናጋጁ ስክሪኑን አይቶ በ8ኛው ፍሬም ይደውላል። ማንም ሰዓት ማየት አያስፈልገውም።

## የሠራውና ያልሠራው

ተሞክረው የተተዉ ሁለት ነገሮች አሉ። ከመቀመጫው ጀርባ የቆመው ተንቀሳቃሽ መጋረጃ የሰውን ጉጉት ጨመረ፣ የድንገተኛ መውጫ መንገድም አጠበበ። አዳራሹን አጨልሞ ጥቁር ብርሃን (ነጭ ነገር በጨለማ እንዲያበራ የሚያደርግ መብራት) ማብራትም ተሞክሮ ነበር። በጨለማ ስልክ ጥሩ ፎቶ ስለማያነሳ ሰዎች ፍላሽ ያበራሉ፤ ፍላሹ ከፊት የሚመጣን ተጫዋች ዓይን ይወጋል፣ ቀሪውን አዳራሽ ደግሞ ይጠራል። የተለመደው ብርሃን እንዳለ መተው የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉ በላይ የሠራው የቃል ለውጥ ነው። "ፎቶ አያንሱ" ሲባል ሰው ይከራከራል፦ ከፍዬ ነው የገባሁት፣ ስልኩ የኔ ነው፣ እሷን አላነሳሁም። "በዚህ ጫማ መንደርደሪያ ላይ አይወጣም፣ ሰው ይወድቃል" ሲባል ግን የተከራከረ የለም። የደኅንነት ደንብ ስለሆነ ለሁሉም እኩል ነው፣ እውነትም ነው፣ ማንንም አያሳፍርም። መንደርደሪያው ከተጠበቀ ዝነኛው ሰው 4 ወይም 5 ሜትር ክፍት ቦታ በነፃ አገኘ ማለት ነው። አሁን ደንቡ የሚነገረው ጫማ ሲሰጥ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ፣ በየቀኑ ነው። ዝነኛ ሲመጣ ብቻ የሚነገር ደንብ ራሱ ማስታወቂያ ይሆናል።

ቀርቦ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲኖር አስተናጋጁ የሚለው ቃልም ተጽፎ ተሰጥቷል፦ "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሁን ጨዋታ ላይ ናቸው። ሲጨርሱ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እነግርዎታለሁ።" ማን እንደሆኑ አይጠቀስም፣ "የሉም" ተብሎም አይዋሽም። ያየን ሰው "አላየህም" ማለት ያስቆጣዋል። አብዛኛው ሰው ክፋት የለውም። የሚወደውን ድምፅ ባለቤት በዓይኑ አይቷል፤ የሚፈልገው ነገ ሲናገር የሚያምነው ሰው ነው። ይህ ፍላጎት ሊከበር የሚገባው ነው፣ የሚቻልበትም መንገድ አለ።

የበሩ ጉዳይ በግማሽ ብቻ ነው የተፈታው። ሌን ሳይዙ የሚገቡትን በወረፋ መዝገብ ማስቆም ይቻላል፤ ነገር ግን ምግብ ቤቱን የሚጠቀሙ የዘወትር ደንበኞች በዚህ ተቀይመዋል። አሁን የሚሠራበት ደንብ ከአዳራሹ የመያዝ አቅም ጋር የተያያዘ ነው፦ ወንበር ካለ ይገባል፣ ከሌለ ይጠበቃል። ቆሞ ማየት የለም።

የወደቀችው ደንበኛ የሕክምና ወጪዋ ተከፍሏል። ለ11ኛውና ለ14ኛው ሌን ቡድኖች ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ደውለው ይቅርታ ጠይቀዋል፣ ሙሉ ምሽትም ጋብዘዋቸዋል። የ11ኛው ቡድን ጽፎት የነበረውን ቅሬታ አላነሳም፤ ከሥሩ ግን መደወላቸውን ጨመረበት።

## ሁለተኛው ጉብኝት

ከሁለት ወር በኋላ ረዳቷ እንደገና ደወለች። ልጁ ኬኩን አልረሳም። ቀኑ የሥራ ቀን፣ ሰዓቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ሆነ። ልዩ ክፍሉ ክፍት ነበር፤ ልጆቹ ግን የአዳራሹን ጫጫታ ስለወደዱ 19 እና 20 ተሰጣቸው። በ17 እና 18 ላይ አራት የሊግ ተጫዋቾች ነበሩ።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀርበው የጠየቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሦስቱም እስኪጠናቀቅ ጠበቁ፣ በመጨረሻም ከድምፃዊቷ ጋር አንድ ፎቶ አብረው ተነሱ። ልጆቹ ፎቶው ውስጥ አልገቡም። አስተናጋጁ "ከሄዱ በኋላ ቢለጥፉት" ብሎ ጠይቋቸው ነበር፤ ፎቶው የወጣው በማግስቱ ነው። መኪናው በ8ኛው ፍሬም ተጠርቶ እንግዶቹ ጫማቸውን ቀይረው ሳይጨርሱ በዕቃ ማስገቢያው በር ቆሞ ነበር።

የተበላሸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኬኩ ሲወጣ ዲጄው ሙዚቃውን አቁሞ "መልካም ልደት!" ካለ በኋላ የልጁን ሙሉ ስም ከነቤተሰብ ስሙ በማጉያው ጠራ። ስሙን ያገኘው ኬኩ ላይ ካለው ካርድ ነው። ከአምስቱ ሰዎች ውስጥ አልነበረም፣ የነገረውም የለም። ጥቂት ሰዎች ዞር አሉ፤ ሻማው ግን ወዲያው ጠፍቶ ኬኩ መቆረስ ስለጀመረ ነገሩ በዚያው አለፈ። አሁን የሚያውቁት ስድስት ናቸው፣ የልደት ካርድም በመጀመሪያ ስም ብቻ ይጻፋል።